የእትዬ ዜና የመጨረሻ ንባብ

ስልኩ ሲጮህ እትዬ ዜና ድስት እያጠቡ ነበር። የእጃቸውን ሳሙና እንኳ ሳያለቀልቁ፣ ምንጣፉ አደናቅፏቸው ለጥቂት ከመውደቅ ተርፈው፣ እየተንደረደሩ ሄደው አነሡት። "ሚጣ?" አሉ፣ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ። ሚጣ አልነበረችም። የተደወለው ከራዲዮ ጣቢያው ነበር። አንድ ረጋ ያለ የወንድ ድምፅ፣ ለአንዲት አጭር ንባብ እንደሚፈለጉና በማግሥቱ ጠዋት መኪና እንደሚላክላቸው ነገራቸው። እሺ ብለው ስልኩን ዘጉና ያረጠቡትን ወለል መወልወል ጀመሩ።

እትዬ ዜና እውነተኛ ስማቸው አይደለም። የማታውን ዜና ዕድሜ ልካቸውን ስላነበቡ ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው። በደጉ ጊዜ ሱቅ የሚዘጋው፣ ልጅ የሚተኛው፣ ባልና ሚስትም ለኩርፊያቸው ፋታ የሚሰጡት በእሳቸው ድምፅ ነበር። "እትዬ ዜና ካላሉት ወሬ ነው" ይባል ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ ዜናውን ከኪሱ እያወጣ ያያል፤ እሳቸውም ጡረታ ወጥተው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ቀርተዋል። ድምፃቸውም ሥራ ፈትቷል። አንዳንድ ቀን አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ይውሉና ዳቦ ሊገዙ ወጥተው "ሁለት ስጪኝ" ሲሉ፣ ጎርነን ብሎ የሚወጣው ድምፅ ራሳቸውን ያስደነግጣቸዋል።

ሚጣ አንድያ ልጃቸው ናት። ባሕር ማዶ ተምራ፣ እዚያው አግብታ ቀረች። ስትሄድ "አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም" ብለው የመከሯቸው ነበሩ፤ እሳቸው ግን "እሷም የራሷ ዐይን አላት፣ ዓለምን ትይበት" ብለው ሸኟት። ጥቂት ዓመታት በደኅና አለፉ። ኋላ ግን ዓለም ዕብደቷ ተነሣባት። ከትልልቆቹ መንግሥታት አንዱ የሌላውን መርከብ አገተ፣ ያኛውም የዚህኛውን አውሮፕላን መትቶ ጣለ። ትንንሾቹ ደግሞ "ከማን ወገን ናችሁ?" ተባሉና ገሚሱ ወዲያ፣ ገሚሱ ወዲህ ተሰለፈ። የእትዬ ዜና አገር ወዲህ ሲሆን የሚጣ ባል አገር ወዲያ ሆነ። ኤምባሲው ተዘጋ፤ በረራው ቆመ፤ አንድ ማለዳ ደግሞ ስልኩም ኢንተርኔቱም ድርግም አለ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የምትለዋን ተረት በዚያ ሰሞን ያልተረተ ባለሥልጣን የለም። ሣሩን ግን አንድም ሰው ምን ትላለህ ብሎ አልጠየቀውም።

የመጨረሻ ስልካቸው ነበር ከሁሉ የሚያንገበግባቸው። "እማዬ፣ ነገሩን የጀመሩት እኮ የእናንተዎቹ ናቸው" አለች ሚጣ። እሳቸውም ወገባቸውን ቀና አድርገው ከጣቢያው የሰሙትን፣ "ጠብ አጫሪው ኃይል" እና "ትዕግሥታችን ወሰን አለው" የሚለውን ሁሉ፣ በዚያ በሚያምረው ድምፃቸው አንበለበሉላት። ሚጣ እስኪጨርሱ አዳመጠች። ከዚያ "አሁን ያወራሽኝ አንቺ ነሽ ወይስ ራዲዮው?" አለቻቸው። "አብልቶ ያሳደገሽ ይኼው ራዲዮ ነው!" ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉባት። ነገ ደውዬ እታረቃታለሁ ብለው ተኙ። በማግሥቱ መስመር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እትዬ ዜና ከፈጣሪም ከሰውም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደ ራዲዮ ሳይሆን እንደ እናት ሆነው አንዲት ቃል ለልጃቸው ማሰማት።

ጠዋት መኪናው መጣ። የጣቢያው ዘበኛ መልካቸውን አላወቀውምና መታወቂያ ጠየቃቸው።

"ጡረታ ስወጣ ተቀበላችሁኝ እኮ" አሉት።

ድምፃቸውን ሲሰማ ከወንበሩ ብድግ አለ። "እርስዎ ነዎት እንዴ? ልጅ ሆኜ በየማታው የሚያስተኙኝ እርስዎ ነበሩ" ብሎ በሩን በረገደላቸው።

እትዬ ዜና ፈገግ ብለው አለፉ። መተላለፊያው ላይ ሲደርሱ ግን ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ። በዚያ ሰዓት የገዛ ልጃቸውን የሚያስተኛት አባቷ ነበር።

ስቱዲዮው እንዳለ ነው። ግድግዳው በዚያው ድምፅ በሚውጥ ጨርቅ ተለብጧል፤ ጠረጴዛውም ወረቀት እንዳይንኮሻኮሽ በዚያው በደበዘዘ ከፈይ ተሸፍኗል። ድምፅ ቀራጩም የድሮው ነው፤ ጠጉሩ ብቻ ጥሎት ሄዷል። እትዬ ዜናን ሲያይ ተነሥቶ ጉንጫቸውን ሳመና "ምነው እትዬ፣ እርስዎም እንደ እኛ ያረጃሉ?" አላቸው።

"ራዲዮ ላይ ማን ያየኛል ብዬ ነዋ" አሉት።

ከእሱ ጋር አንድ ሰው ቆሟል፤ ሽሮው ያረረበት የሚመስል፣ እንቅልፍ ያጣ ዐይን ያለው ጎልማሳ። የሕዝብ መጠለያዎችን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ሹም ነው። ትናንት የደወለውም እሱ ነበር። አንዲት ወረቀት ሰጣቸው።

"ያ ቀን ከመጣ የምትለቀቅ ናት" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አሁኑኑ ተቀርጻ ትቀመጣለች። በዚያን ቀን የሚያነብ ሰው ላይገኝ ይችላል። ሕዝቡ ደግሞ የእርስዎን ድምፅ ያምናል።"

እትዬ ዜና መነጽራቸውን አድርገው አነበቧት። "ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ልምምድ አይደለም። የያዛችሁትን ሥራ አቁሙ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወደሚገኝ መጠለያ ግቡ። መጠለያ የራቃችሁ ወደ ምድር ቤት ውረዱ። ከመስኮት ራቁ።" ያለቀችው እዚያ ላይ ነው።

"ይቺው ናት?" አሉ።

"ከዚህ በላይ ለማንበብ ጊዜ አይኖርም፣ እናቴ" አለ ሹሙ።

ገብተው ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀዩ መብራት በራ። እትዬ ዜናም ማይክራፎኑን ቀና ብለው አዩና ጥርት ባለ ድምፅ "እንደምን አመሻችሁ፣ የተከበራችሁ አድማጮቻችን። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው" አሉ።

ድምፅ ቀራጩ ከመስታወቱ ማዶ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ሹሙ ግራ ገብቶት አንዴ እሱን አንዴ እሳቸውን ያያል። እትዬ ዜና ራሳቸው ምን እንዳሉ የገባቸው ኋላ ነው። ሚሳይል እየመጣ ሰላምታ! የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማእድ ይባል የለ? ዕድሜ ልኩን በሰላምታ የጀመረ አፍ ዛሬ ምን ይሁን። በአፋቸው ላይ እጃቸውን ጭነው እሳቸውም ሳቁ። ከሳቁ ብዙ ጊዜያቸው ነበር።

ሁለተኛው ንባብ ላይ ሰላምታውን ዋጡት። ድምፃቸው ግን ዘይት እንደተቀባ ተንሸራቶ ወረደ፤ እያንዳንዷ ቃል በቦታዋ፣ እያንዳንዷ ዕረፍት በልኳ። ሹሙ ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

"ያምራል። ችግሩም ማማሩ ነው" አለ በድምፅ ማጉያው። "እኔ ይህን ብሰማ ወንበር ስቤ፣ እግሬን ዘርግቼ ነው የማዳምጠው። ሰዉ እንዲነሣ ነው የምንፈልገው።"

ሦስተኛውን ጮኸው አነበቡት። "አሁን ደግሞ ተሳፋሪ የሚጠሩ መሰሉ፣ እትዬ" አለ ድምፅ ቀራጩ፣ እንዳይከፋቸው ለስለስ አድርጎ። አራተኛው ላይ ድምፃቸው ደነደነ፤ አምስተኛው ላይ ሰለቸ። ሹሙ በመጨረሻ በሩን ከፍቶ ገባና አጠገባቸው ተቀመጠ።

"ምን እናድርግ?" አለ። የተቆጣ አልነበረም፤ የደከመ ነበር።

"ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር" አሉ እትዬ ዜና። "ሕዝብ ጆሮ የለውም፣ ጆሮ ያለው አንድ ሰው ነው ይሉ ነበር። ከማይክራፎኑ ጀርባ አንድ ሰው አስቀምጪና ለእሱ ንገሪው አሉኝ። ሳነብ የኖርኩት እንደዚያ ነው።"

"ታዲያ ማንን ነበር የሚያስቀምጡት?"

"ልጄን።"

"እንግዲያው ዛሬም እሷን ያስቀምጧት።"

"እሷ ማዶ ናት" አሉ።

በዚያ ሰሞን "ማዶ" የምትለዋ ቃል ጨዋታ ታቋርጥ ነበር። ሹሙ ወረቀቱን አየ፤ ወለሉን አየ።

"ወደ የትኛው መጠለያ ግቢ ልበላት?" አሉ እትዬ ዜና። "የእነዚያ ሚሳይል ወደኛ ሲመጣ የእኛም ወደ እሷ አይደል እንዴ የሚሄደው?"

ሹሙ ከወንበሩ ተነሣ። "ሌላ ሰው ይፈልጉ እስቲ፤ እዚህ ያለ ሰው" ብሎ ወጣ። ትንሽ ዕረፍት እንዲወስዱም አደረገ።

እትዬ ዜና ሌላ ሰው ፈለጉ። ዳቦ ሻጯን ከማይክራፎኑ ጀርባ አስቀመጧት፤ እጇና ሽርጧ መጡላቸው፣ ፊቷ ግን ሊመጣላቸው አልቻለም። ከበላያቸው ያለውን ጎረቤት አሰቡ፤ ኮቴውን እንጂ ሰውየውን አያውቁትም። የሥራ ባልደረቦቻቸው ገሚሶቹ አርፈዋል፤ ቀሪዎቹንም ልጆቻቸው ወስደዋቸዋል። ባላቸው መቃብር ውስጥ ነው፤ ከእንግዲህ ሩጥ ቢሉትም አይሮጥም። ይህ ሁሉ ሕዝብ ድምፃቸውን እየሰማ በኖረበት ከተማ ውስጥ፣ አንጀታቸው ተላውሶ "ኧረ ሩጥ!" የሚሉት አንድ ሰው አጡ። ብቸኝነት የሚጠራን ሰው ማጣት ይመስላቸው ነበር፤ የሚጠሩትን ማጣትም እንደሆነ እዚያ ወንበር ላይ ገባቸው። ሆድ ባሳቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ድምፅ ቀራጩ ሻይ ይዞላቸው ገባ።

"ለመሆኑ ይቺ ነገር በየት በየት ነው የምትለቀቀው?" አሉት፣ ለጨዋታ ያህል።

"በሁሉም ነዋ። ያን ቀን ሌላ ፕሮግራም አይኖርም፤ ሁሉም ሞገድ ላይ ይቺው ብቻ ናት። ለውጭ በሚያሰራጨው ጣቢያም ሳይቀር።"

"ለውጭ የሚያሰራጨው እስከ የት ይሰማል?"

ድምፅ ቀራጩ የጠየቁትን ብቻ ሳይሆን የፈለጉትንም ያውቀዋል። ሚጣ ትንሽ ልጅ ሳለች እናቷን እየጠበቀች እዚያው መተላለፊያ ላይ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ እርሳስ የሚቀርጽላት እሱ ነበር። "ማዶ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ እትዬ" አለ። "ስልኩን ይዘጉታል። አየሩን ማን ይዘጋዋል?"

እትዬ ዜና ሻዩን ሳይቀምሱ አስቀመጡት። ሚጣ አገር ቤት ሲናፍቃት ምግብ እያበሰለች ጣቢያውን በትንሽ ራዲዮ እንደምትሰማ ነግራቸው ነበር። በዚህ ሰሞን ደግሞ የባላንጣውን ራዲዮ የማይሰማ ማን አለ? ትሰማለች፤ ሳትሰማ አትውልም። እንግዲህ ድምፃቸው ልጃቸው ጋ የሚደርስበት ቀዳዳ ሌላ የለም፣ ይኸው ነው። ምን ዓይነት ቀን ላይ እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰቡትም። የተራበ ሰው ከወጡ በፊት የሚያየው እንጀራውን ነው።

"አብራው" አሉት።

ሚጣን ከማይክራፎኑ ጀርባ አቆሟት። የድሮዋን፣ ባለ እርሳሷን ልጅ ሳይሆን የዛሬዋን ሴት፤ ማንኪያዋን ይዛ፣ ወጥ ቤቷ መስኮት ሥር። መስኮት ትወዳለች። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ሌላው ልጅ አልጋ ሥር ሲገባ እሷ ሮጣ መስኮት ላይ ነበር የምትለጠፈው፤ ያን አመሏን አባቷም ሊያስተዋት አልቻለም። እትዬ ዜና አዩዋት። ወረቀቷን ሳያዩ "ይህ ማስጠንቀቂያ ነው" አሉ፤ ድምፁም ዕድሜ ልካቸውን ዜና ያነበቡበት ድምፅ አልነበረም። እሳት ሊነካ እጁን የዘረጋ ሕፃን ያየች እናት ድምፅ ነበር። ልምምድ አይደለም። ሥራችሁን አቁሙ። ልጆቻችሁን ያዙ። ውረዱ። "ከመስኮት ራቁ" ካሉ በኋላ ወረቀቷ አልቃ ነበር፤ እሳቸው ግን አላለቁም። "ሚጣ፣ ከመስኮቱ!" ብለው ጮኹ።

ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። ቀዩ መብራት ጠፋ።

ሹሙ ከመስታወቱ ማዶ ቆሟል። "ቁጭ ብዬ ነበር እኮ" አለ ለራሱ ያህል። መቼ እንደተነሣ አላወቀውም።

"ይኼኛው ነው" አለ ቆይቶ። "ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ቃል ግን ትቆረጥ።"

"ለምን ብላ?" አለ ድምፅ ቀራጩ። "ሚጣ የሌለችበት ቤት የት አለ? ሴት ልጅ ያለው ሁሉ የእኔን ነው የጠሯት ይላል።"

እትዬ ዜና ሹሙን ብቻ ያዩታል። ሹሙ ግንባሩን አሻሸ፤ መሣሪያውን አየ፤ በሩን አየ። "እኔም ቤት አንዲት አለች" አለ በመጨረሻ። "በቃ፣ እንዳለ ይቀመጥ።" ሲሰናበታቸው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። "ድካምዎ ከንቱ ቢቀር ነው የምወደው፣ እናቴ" አላቸው። "አሜን" አሉት፤ ልባቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ እግራቸው ቀለላቸው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጃቸውን ያነጋገሩ መሰላቸው። ለዳቦ ሻጯ "ዛሬስ ደኅና ነሽ ወይ፣ የኔ ልጅ?" ሲሏት፣ መልስ ስትቆጥር የነበረችው ሴት ቀና ብላ አየቻቸው። ጠይም ናት፤ ፊቷ ላይ ማድያት አለባት። እትዬ ዜና ይህን ዛሬ ገና ማየታቸው ገርሟቸው ሄዱ።

አመሻሽ ላይ ራዲዮኑን ከፈቱ። በእሳቸው ቦታ የገባችው ልጅ ዜናውን እንደ ቆሎ ታንጣጣዋለች። አንደኛው ወገን የጊዜ ገደብ ሰጠ፤ ሌላኛው አልቀበልም አለ፤ መርከቦቹ አልተመለሱም። እትዬ ዜና "ቀስ በይ፣ ምን ያሯሩጥሻል?" እያሉ እራታቸውን አቀረቡ። ዜናው አለቀና የክራር ሙዚቃ ገባ።

ሙዚቃው መሐሉ ላይ ተቋረጠ።

ጣቢያው ጭጭ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ራዲዮኑን መታ መታ ያደርግ ነበር፤ እትዬ ዜና ግን የራዲዮ ሰው ናቸው። ራዲዮ ዝም ብሎ ዝም አይልም። ከወንበራቸው ተነሡ። እጃቸው ሄዶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው።

በዚያች ቅጽበት እትዬ ዜና የተሰማቸውን ለማንም አይናገሩትም። ፍርሃት አልነበረም። ደስታ ነበር። አሁን ልትሰማኝ ነው አሉ። ማንኪያዋን ይዛ ቀጥ ስትል፣ "እማዬ" ስትል ታየቻቸው። ማድያታሟ ዳቦ ሻጭ ትዝ አላለቻቸውም። ዘበኛውም፣ ሹሙ ቤት ያለችው ልጅም ትዝ አላሏቸውም። ይህ ሁሉ ከተማ እሳት ሊወርድበት ነው ብለው አላሰቡም። አንገታቸውን ወደ ራዲዮኑ አስግገው የገዛ ድምፃቸውን ጠበቁ።

ሙዚቃው ከተቋረጠበት ቀጠለ። ልጅቷም ገብታ በዚያው በጥድፊያዋ "ለተፈጠረው የቴክኒክ ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን" አለች።

እትዬ ዜና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ሲጠብቁት የነበረው ምን እንደሆነ አሁን ቁልጭ ብሎ ታያቸው። ያቺ ቃል ሚጣ ጋ የምትደርሰው ሚጣ ልትሞት በምትችልበት ቀን ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ያን ቀን ቆመው፣ ድምፅ ከፍ አድርገው ተቀብለውት ነበር። አለቀሱ፤ ማንም አልሰማቸውምና እንደልባቸው አለቀሱ።

ሲወጣላቸው ግድግዳውን ይዘው ተነሡ፤ ሄደውም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ፣ ልጃቸው ወዳለችበት አቅጣጫ አዞሩ። ውጭው መሽቶ ነበር። በዚያ አገር ባመነው ድምፅ ሳይሆን፣ ዳቦ ሲገዙ በሚያስደነግጣቸው በጎርናናው ድምፃቸው፣

"ተቀይመሽኝም ቢሆን ኑሪ፣ ሚጣዬ። ድምፄን ሳትሰሚ አርጂልኝ" አሉ።